የቀረፋ እንጨት ውታፍ

ክላንግ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 1994

ባሕር ተሻግሮ ከአገር ቤት የሚመጣልኝን ደብዳቤ እዚህ ማስታወሻዬ ውስጥ እለጥፋለሁ፤ እኔ የምልከውንም ከመላኬ በፊት እገለብጣለሁ። ለደንበኛ የተናገርኩትን መርሳት እንደማልወድ ሁሉ ለዘመድ የጻፍኩትንም መርሳት አልወድም። ዛሬ የእህቴ ልጅ የዩስኒማር ደብዳቤ ደረሰኝ።

*

ማኒንጃው፣ ጃንዋሪ 27፣ 1994

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተከበሩ ማማኬ ለዛይኒር፦

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ሱቅዎንም ከሌባና ከዱቤ ጠያቂ ይጠብቅልኝ። እኛ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነን። እናቴ ሮስማኒ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ግን አሁንም ከሁላችን ቀድማ ትነሣለች። ሐይቁ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ትንንሾቹ ዓሦች በብዛት እየወጡ ነው። እኔም በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ እየጠበስኩ ወደ ላይ፣ ወደ ቡኪቲንጊ ገበያ አደርሳለሁ።

የምጽፈው ስለ መኪናው ነው። ወደ ገበያው የሚያወጣውን መንገድ፣ አርባ አራቱን ጠመዝማዛ፣ ስወጣ መሪውን ወደ ቀኝ ባዞርኩ ቁጥር ከግራው የፊት ጎማ ቀ-ቀ-ቀ የሚል ድምፅ ይሰማል። በፊት ጭነት ሲበዛ ብቻ ነበር፤ አሁን ባዶውንም ይጮኻል። ቡኪቲንጊ ያለው ጋራዥ ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል አልቋል፣ አንድ ቀን ጥምዝ ላይ ይበጠሳል አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ይቆጣሉ።

እርስዎ የእናቴ ወንድም፣ የቤታችን ማማክ ስለሆኑ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ደግሞ የእርስዎ ንግድ ነው። የግራውን አክስል ቢልኩልኝ ሌላ ነገር አላስቸግርም። ባለቤቴ ሻፍዋን ሰላም ብሎዎታል። እህቴ ዴስማም ከፓዳንግ ሰላም ትላለች።

የእህትዎ ልጅ፣ ዩስኒማር

*

ፌብሩዋሪ 10

ለዚህ መኪና የሚሆን አክስል ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አለኝ። ነገ ልልከው እችል ነበር።

ግን ባለፈው ዓርብ ወደ አገር ቤት የሚመላለሰው የአገራችን ሰው ጨርቅ ነጋዴው ዋርኒስ እዚህ ተቀምጦ ሳለ፣ «የእህትህ አማች ፔካንባሩ ከተማ ሱቅ ተከራየ እኮ! በዚያ መኪና ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ነው» አለኝ። ዩስኒማር ስለ ዓሣ ጻፈች፣ ስለ ጉልበት ጻፈች፤ ስለ ፔካንባሩ ግን አንድም ቃል የለም።

የቤተሰባችን ትልቁ ቤት ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚያልፍ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ እንጂ ባለቤቱ አይደለሁም። ዩስኒማር ከሄደች ታናሿ ዴስማ ትቀራለች፤ እሷ ደግሞ ፓዳንግ መምህርነት እየተማረች ነው፤ ከተማ የለመደች ልጅ ሐይቅ ዳር አትመለስም። እህቴ ብቻዋን ትቀራለች፤ ከእሷ በኋላ ቤቱ ይዘጋል። ስንት እናቶች የኖሩበት ቤት በእኔ ዘመን እንዲዘጋ አልፈልግም።

አልቆጣም፣ አልለምንምም። አክስል የሌለው መኪና የትም አይሄድም። መኪናው ካልሄደ ጓዝ አይጫንም። ነገሩን አዘገየዋለሁ፤ የዘገየ ነገር ብዙ ጊዜ ይቀራል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

*

ክላንግ፣ ፌብሩዋሪ 10፣ 1994

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለልጄ ለዩስኒማር፦

የአላህ ሰላም በአንቺና በቤቱ ላይ ይሁን፤ የእናትሽን ጉልበት አላህ ያጽናው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ አለ፣ ሙቀት አለ።

ስለ አክስሉ፦ አንዱ ሲያልቅ ሌላውም ብዙ አይቆይም። ሁለቱንም ፈትተሽ ላኪልኝ፤ ጎን ለጎን አስተያይቼ ልኩን እመርጣለሁ። ጋራዥ አያስፈልግም፣ ቤት ውስጥ ይፈታል።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሚው፤ በግቢያችን ደልዳላው ከደረጃው ፊት ያለው ብቻ ነው። ጎማው መሬት ሳይለቅ፣ ሰው ፍሬን ረግጦልሽ ሳለ፣ የጎማውን የመሃል ትልቅ ዳዶ አላዪው፤ አንዴ በክሪክ ካነሣሽው በኋላ አብሮ እየዞረ ያስቸግርሻል። የዳዶው ጠርዝ እንዳይፈታ በመዶሻ ተመትቶ ታጥፏል፤ በመሮ አቅኚው። ከዚያ መኪናውን አንሥተሽ ከሥሩ ወፍራም ግንድ አስገቢ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የካምቢዮውን ዘይት ቅጂው። ጎማውን አውጪ፣ ጎማውን ከሥር የሚይዘውን መገጣጠሚያ፣ የታችኛውን ቴስቲና፣ አላቅቂው፤ የጎማውን ማቀፊያ ወደ ውጭ ስትስቢው አክስሉ ከመሃሉ ይወጣል። እምቢ ካለሽ ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሰሽ እንጨት ደግፈሽ ምቺው፤ ያለዚያ ጥርሱ ይጠፋል። በካምቢዮው በኩል ያለውን ጫፍ ግን በጭራሽ እንዳትጎትቺ፤ በብረት ፈንቅዪው። ከጎተትሽው መገጣጠሚያው ተበትኖ እጅሽ ላይ ይቀራል።

አንዱን እንዳወጣሽ ቀዳዳውን በልኩ በተጠረበ እንጨት ወትፊው፤ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ በውስጡ ያሉት ጥርሶች ቦታቸውን ይለቃሉ። የመጨረሻው ዋናው ነው፦ አክስሉ እስኪመለስ መኪናው በጎማው እንዳይቆም፣ እንዳይገፋም። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይበላሻል።

አክስሎቹን ለዋርኒስ ስጪው፤ ከዱማይ ወደብ በሚነሣው መርከብ ያመጣቸዋል።

ማማክሽ፣ ዛይኒር

*

ፌብሩዋሪ 11

የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው። ማንም መካኒክ ቢያነበው ስህተት የለበትም ይላል። መኪናው መንቀሳቀስ እንደማይችል መጻፌ ደግሞ ለእኔም ተመቸኝ።

*

ማኒንጃው፣ ማርች 13፣ 1994

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተከበሩ ማማኬ፦

የረመዳን ጾምዎን አላህ ተቀብሎ ለኢድ በሰላም ያድርስዎ፣ ለእኛም ፊትዎን ያሳየን። ሁለቱን አክስሎች በጆንያ አስሬ ለዋርኒስ ሰጥቻለሁ። ሲያነሣቸው፣ «እኔ እኮ ዓሣ መስሎኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ።

እንዴት እንደተፈቱ ልንገርዎ፣ ይሥቃሉ። ሻፍዋን ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ከደረጃው ሲወርድ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ሻፍዋን ልጄ፣ አንተ የዚህ ቤት አማች ነህ። እንግዳ ነህ። ጎረቤት እያየ መኪና ሥር አትገባም፤ ተቀመጥ።»

«እማ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ?»

«ስድሳም ቢሆን። ተቀመጥ አልኩህ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ የድሮ ሱሪውን ለብሼ ገባሁ። ፍሬኑን እናቴ ረገጠች፤ መኪና ውስጥ እንዲያ ኮርታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ዳዶው ግን በቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ብቆምበትም አልነቃነቅ አለ። ጎረቤታችን ኤቲ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «አንቺ ዩስ፣ ባልሽን ለጌጥ ነው እንዴ ያገባሽው?» አለችኝ።

ሻፍዋን ከደረጃው ሆኖ፣ «ጌጥ አይደለሁም ኤቲ፣ ራዲዮ ነኝ። አወራለሁ እንጂ አልሠራም!» አላት። ኤቲ ሥቃ አጥሩ ላይ ልትወድቅ ነበር።

ዳዶው በመጨረሻ ተፈታ። ግራው አክስል ከጎማው በኩል እሺ ብሎ ወጣ። ከካምቢዮው በኩል ግን ቸኩዬ ያዝኩትና ልጎትተው ስል ራዲዮው «እንዳትጎትቺው! ማማክ ምን ብለው ጻፉ?» ብሎ ጮኸ። ፈነቀልኩት፤ ወጣ። ውታፉን ቅርፊቱ ገና ካልተላጠ የቀረፋ ቅርንጫፍ ጠረብኩት፤ አጠገቤ የነበረው እሱ ነው። የቀኙንም እንደዚያው።

መኪናው አሁን ከደረጃው ፊት ግንድ ላይ ተቀምጧል። እንዳሉት አንነካውም። ዓሣውን በሰው መኪና እየላክሁ ስለሆነ ትርፉ ቀነሰ፤ የተቻለዎትን ቶሎ ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወረቀት ላይ የማይጻፍ ነው። መቼ ይመጣሉ?

ዩስኒማር

*

ማርች 29

የግራው በእርግጥ አልቋል። የቀኙ ግን ደህና ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑ ብቻ ተቀዷል። አዲስ ሽፋን አለበስኩት፣ ግራሶ ሞላሁት። እኔ ካለኝ ደህና የግራ አክስል ጋር አስሬ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ወረቀት ላይ የማይጻፍ» የምትለው መሄዷን ነው። አፍራ ነው። የሚያፍር ሰው ገና አልቆረጠም።

*

ክላንግ፣ ኤፕሪል 4፣ 1994

ወአለይኩም ሰላም። ለልጄ ለዩስኒማር፦

አላህ ከደስታ አይለያችሁ። ስለ እናትሽና ስለ ፍሬኑ ያነበብኩትን ለጎረቤቶቼም ነገርኳቸው፤ እነሱም ሣቁ።

አክስሎቹ ደርሰውኛል። ልክ የሚሆን እየፈለግሁ ነው፤ ይህ ዓይነቱ መኪና እዚህ እየጠፋ ነው። ትንሽ ታገሺ። ለዓሣው ማጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በዋርኒስ ልኬያለሁ። ለመምጣት አሁን ሱቁን የምተውለት ሰው የለኝም።

ማማክሽ

*

ማኒንጃው፣ ሜይ 8፣ 1994

አሰላሙ አለይኩም። ለተከበሩ ማማኬ፦

አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። የላኩትን ገንዘብ በዋርኒስ መልሻለሁ፤ ዓሣው ራሱን ችሏል። ገንዘብ አልጠይቅም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ግቢው ለአንድ ጉዳይ ይፈለጋል፤ ከደረጃው ፊት ያለው ቦታ። የጉዳዩ ቃል በወረቀት እንደማይሄድ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። አክስሉ ካልተገኘ መኪናውን ገፍተን ወደ ጓሮ እንድናደርገው ይፍቀዱልን።

ዩስኒማር

*

ሜይ 24

ገንዘቡን መለሰች። ይህን አልጠበቅሁም። ሲጠይቁኝ ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ግን አላውቅም።

ግቢው ለምን ይፈለጋል? የጭነት መኪና ለማስገባት ይሆናል። ጓዙን በኪራይ ሊያወጡ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ልጄ፣ አላህ ይጠብቅሽ። አይገፋም። ኩሽኔታው ከተበላሸ ችግሩ ይብሳል። አክስሉን እየፈለግሁ ነው።»

*

ጁላይ 2

ጁን ሙሉ ደብዳቤ የለም። ዋርኒስም ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ሰላም ብላለች» አለኝ። «ሌላስ?» አልኩት። «ሌላ ምንም።»

*

ጁላይ 17

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ቆቡን አውልቆ በሱቄ በር ገባ። የጎሳችን ሽማግሌ ማሊን ባንዳሮ ነው። ከዚያ ሐይቅ ዳር ርቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ማሊን! ከየት መጡ?»

«ከመርከብ። ሆዴ ግን ገና እዚያው ባሕሩ ላይ ነው።» ባንኮኒዬን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይህን ሁሉ ብረት አንሣልኝ። ሲሪህ የሚቀመጥበት ንጹሕ ቦታ የለህም አንተ ሰው?»

ፒስተኖቹን አነሣሁ። ከጨርቅ ከረጢቱ የነሐስ ሣጥኑን አውጥቶ ከፈተው፤ የሚታኘከው የሲሪህ ቅጠል ተደራርቦ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ቀልዱን ተወ። እንደ ሽምግልና ወግ ሣጥኑን በሁለት እጁ ወደ እኔ ገፋው።

«ዛይኒር፣ የትልቁ ቤት ማማክ፦ የእህትህን ልጅ ዴስማን ሊያገባ የሚፈልግ ሰው አለ። ከላይ፣ ከማቱር ነው። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳለች፤ እኛው መንደር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባሏም ትልቁ ቤት ይገባል። የሁሉም ቃል ተሰብስቧል፤ የቀረው ያንተ ነው።»

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ።

«ለምን አልጻፉልኝም?»

«የሰርግ ቃል በፖስታ? ቴምብር ለጥፈን?» አንገቱን ነቀነቀ። «ክላንግ ምን አድርጋሃለች? ዩስኒማር ‹ወረቀት ላይ የማይጻፍ ነገር አለ› ብላ ደጋግማ ጻፈችልህ፤ ሌላ ምን ትጻፍልህ? አንተ እንደምትመጣ ጠበቅን። ስትቀር ፓስፖርት አውጣ አሉኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን ሳይቀር ፎቶ አነሡኝ።»

«መኪናውስ?»

«ስለ መኪና አልመጣሁም።» ቅጠሉን አጠፈ። «ከጠየቅኸኝ ግን፣ መኪናህ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል። ሙሽራውን ከማቱር የምናመጣውም በእሱ ነበር። በሌላ ሰው መኪና ሙሽራ አናመጣም፤ የሰው ቤት ይመስላል። አሁን የሚጠቀሙበት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው።»

«ዩስኒማርስ? ፔካንባሩ?»

«ከሰርጉ በኋላ ትሄዳለች። ታናሿ ቤቱን ስትይዝ ምን ትጠብቃለች? ባሏስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያርጅ?»

ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ። «ያ የታሰረው ምንድን ነው?»

«አክስል ነው።»

«የማን?»

«የእኛ።»

 ቅጠሉን ሰጠኝ፤ የእሺታ ምልክት ነውና ተቀብዬ አኘክሁ። ሲሪህ ካኘኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ አፌን አቃጠለኝ።

*

ክላንግ፣ ጁላይ 18፣ 1994

ለልጄ ለዩስኒማር፦

የአላህ ሰላምና በረከት በሁላችሁም ላይ ይሁን። ለማሊን የምሰጠውን ቃል ሰጥቻለሁ። አክስሎቹ ተገኝተዋል። ለዋርኒስ አልሰጣቸውም፤ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ። ግንዶቹን እንዳትነኪ።

ማማክሽ

*

ማኒንጃው፣ ኦገስት 6

የመርከቡ ፈታሽ ጆንያውን ፈትቶ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «የሰርግ ዕቃ ነው» አልኩት። ማሊን ከኋላዬ፣ «እውነቱን ነው» አለ። ፈታሹ ሁለታችንንም አይቶ አሳለፈን።

እህቴ ሮስማኒ አርጅታለች። እኔንም እንደዚያው ብላኛለች። መኪናው ጽፌ እንዳዘዝኩት ቆሟል፤ አንዲት ዶሮ ከኋላው ወንበር ሥር እንቁላል ጥላለች።

ጠዋት ሻፍዋን እንደ ልማዱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ሸሚዜን አወለቅሁ። ዩስኒማር ቁልፎቹን አመጣች። ከዚያ ዞር ብዬ፣ «ሻፍዋን፣ ና ውረድ። የቀኙን አንተ ግባበት» አልኩት።

እህቴ በሩ ላይ፣ «ዛይኒር! ጎረቤት...»

«ጎረቤት ይይ። የቤቱ ማማክ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ።»

ወረደ። ጎበዝ አይደለም፤ ቴስቲናውን ሲያስገባ ጣቱን ላጠ፣ መዶሻውም አንዴ እግሩ ላይ ወደቀ። ኤቲ ከአጥሩ፣ «ራዲዮው ዛሬ ተበላሸ እንዴ?» ስትለው እንደ ልጅ ሣቀ። እኔ ግራውን ያዝኩ። ውታፉን ስነቅለው የቀረው ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። አክስሉን እያስተካከልኩ ገፋሁት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ዘይት ሞላን፣ ጎማውን አሰርን፣ ዩስኒማር ግንዶቹን አወጣች። እህቴ ሳትጠራ ገብታ ፍሬኑን ረገጠች፤ ዳዶዎቹን አጠበቅሁና ጠርዛቸውን በመሮ መታሁ።

ዩስኒማር መኪናውን ከደረጃው ፊት ስታነሣው ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

*

ኦገስት 14

ሙሽራውን ከማቱር አመጣን። ዩስኒማር ነዳች፣ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ወደ ሐይቁ ስንወርድ በእያንዳንዱ ጥምዝ ጆሮዬን ወደ ግራው ጎማ አዘነበልኩ። ምንም ድምፅ የለም። ሙሽራው ከኋላ ሆኖ፣ «ማማክ፣ ያመዎታል እንዴ?» አለኝ።

ዩስኒማር መንገዱን እያየች፣ «አይ፣ መኪናውን ነው የሚያዳምጡት» አለችው።

*

ክላንግ፣ ሴፕቴምበር 20

ደብዳቤ መጣልኝ። ቴምብሩ ከፔካንባሩ ነው።

*

ፔካንባሩ፣ ሴፕቴምበር 11፣ 1994

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተከበሩ ማማኬ፦

አላህ በሰላም እንዳገባዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በሰላም ደርሰናል። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ግን መንገድ ዳር ነው። ሻፍዋን መደርደሪያውን ራሱ እየቸነከረ ነው፤ የሚያስቀምጠው ሰው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ወገቤን ይላል። እናቴ ደህና ናት፤ አዲሱን አማቿን ደረጃው ላይ አስቀምጣ እንደተውኳት ነው።

ዋርኒስ በመኪናው ጓዛችንን ጭነን ልንሄድ ነው ብሎ እንደነገርዎ በቅርቡ ሰማሁ። ገረመኝ። ማማኬ፣ መኪናው እኮ የቤቱ ነው። ስንመጣም በአውቶቡስ ነው የመጣነው፤ ከመጀመሪያውም ያሰብነው እንደዚያ ነበር። ቁልፉን ለዴስማ ሰጥቻታለሁ፤ መንዳት እየተማረች ነው፣ ዶሮዎቹ ተሰደዋል። ሁለቱን የቀረፋ ውታፎችም ከመቀመጫው ሥር አኑሬላታለሁ፤ ሌላ ጊዜ መጥረብ እንዳያስፈልጋት።

እኔ ለራሴ የምጠይቀው የለኝም። ዴስማ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይፏጫል ትላለች፤ የፍሬን ሸራ ትፈልጋለች። ልትጽፍልዎ ነው፤ ገና ስለምታፍር ቀድሜ ነገርኩዎት።

ዱዓዎ አይለየን።

ዩስኒማር

*

ያው ቀን

የዴስማ ደብዳቤ ገና አልመጣም። ዋርኒስ ሐሙስ ይሳፈራል። የፍሬን ሸራውን ዛሬ አውጥቼ በጋዜጣ ጠቀለልኩት፤ ስሟን ጽፌበት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።